መንገዱ እስኪከፈት

ሴልፎስ፣ የካቲት። ሳህኑን አንስተን ካርታውን ዘረጋን።
በአራት ጥጉ ጨው ዕቃ፣ የእጅ ባትሪ፣
የላቀውን መነጽርና የተላጠ ብርቱካን ጫንንበት።
ዳር ዳሩ መንደር ነው፣ ማደያ፣ ቤተ ክርስቲያን፤
መሀሉ ግን ሠሪው ቀለም ያለቀበት ይመስል
አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ፣
ልብስ ሰፊ ለልኬት እንደወሰወሳት ክር፣
በሁለት የበረዶ ግግር መካከል ሽቅብ ወደ ሰሜን።

"በረሃውን ለእኔ ተዪው" አለ ላቀው።
ከሚሌ ጋላፊ በቦቴ ረዳትነት
ጎማ ሲነቅል፣ ጎማ ሲተክል ጢሙ የበቀለ ነው።
እሱ የሚያውቀው በረሃ ራዲያተር ያፈላል፣
የበሩ እጀታ መዳፍ ይልጣል።
ከዝርዝሩ አናት ላይ
"ውሃ፣ ስልሳ ሊትር" ብሎ ጻፈ፣
ከሥሩም ሁለቴ አሰመረ።

ስታይኑን፣ ምድር ቤት የምትኖረው፣
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ የሚሰማላት አንድ ጆሮዋ ብቻ፣
ዝርዝሩን አንብቢልኝ አለች፤ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ።
ያለችውን ለላቀው ወደ አማርኛ ስመልስለት
ግሡ አፌ ውስጥ ተገለበጠ፦
እዚያ እናንተን ውሃ አይጠማችሁም፤
ውሃውን ነው እናንተ የምትጠሙት።

ከግግሩ ሥር የሚወጣ ወንዝ ጠዋት ሕፃን ነው፣ አለች፣
ከቀትር በኋላ ጎረምሳ፣ ማታ ሰካራም።
ሲነጋ ተሻገሩ። መጀመሪያ በእግር፣ ተያይዛችሁ።
ከጉልበት ካለፈ ተመለሱ፤
እኔና ሃልዶር ስንቴ ተመልሰናል መሰለሽ።
የአሸዋው ስም?
ፈረስ እስኪፈነዳ የሚጋለብበት ማለት ነው።
ላቀው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ
ሃያ ሰባት ዓመት የሞላትን ሱዙኪያችንን አያት።

መጋቢትን በጀሪካን ተጣላን።
ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያለ ማደያ፤
እሱ ሁለት ይጫን ይላል፣ እኔ አንድ ይበቃል፣
ብርድ ልብሱስ፣ ስንቁስ፣ የት ሊቀመጥ?
ክሪክ፣ ካላማዳሪ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ ቺንጋ፤
ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ለሱም ገንዘብ።
ሲያኮርፍ፣ የድሮው ቦቴ ጀርባ ላይ
ተጽፎ የነበረውን ይደግማል፦
  ጎማዬ ቢተነፍስ ጎማ አለኝ ከኋላ፣
  እኔ የተነፈስኩ ቀን ማን አለኝ ሌላ።

አንድ ሌሊት ዝርዝሩን ብቻዬን ሳነብ
"የበረ" ይላል፣ ቀጥሎ የዘይት ጠብታ፣ ቀጥሎ "ጫማ"።
ሃ ትሁን ዶ አልለይ አልኩ።
በአንዲት ፊደል ነው ለካ የሚለያዩት፣
የሚሌ ትቢያና ይህ መስኮቴን የሚቆረቁረው።
ላቀውን አልቀሰቀስኩትም። እንደዚያው ተውኩት።

ሚያዝያ። ግንቦት።
የመንገዶች መሥሪያ ቤት ስልክ በየጠዋቱ
ያችው ሴት፣ ያው ቃል፦ ዝግ ነው።
ላይኛው አገር ገና ጭቃ ነው፤
ዛሬ የሄደ ጎማ ያረሰውን
ሣሩ በሃያ ዓመት አይሽረውም።

ሰኔ ሲገባ ስታይኑን ዱላ ይዛ ደረጃውን ወጣች።
የሃልዶር የወንዝ መለኪያ ነው፣ በቢላ የተፈለፈለ፤
እዚህ ጋ ቁርጭምጭሚት፣ እዚህ ጋ ጉልበት፣
ከዚያ በላይ ንጹህ እንጨት፣ አንድ ጭረት የሌለበት።
በረሃው ምንም አላደረገውም፣ አለች፣
አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ካልሲውን እያወለቀ።
ዱላውን ዘረጋችልን።
ላቀው ጫፉን ያዘ። እሷም አለቀቀችም።
እንዲሁ ደጃፉ ላይ ቆምን፣
ከመካከላችን የሚናገር ጠፋ።

ዛሬም ደወልኩ፣ ዝግ ነው።
በመስኮት ሳይ፣ ላቀው ሁለተኛውን ጀሪካን አውርዶ
የኋላውን ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል።