ውሉ ካለቀ ማግስት

ማርች ሠላሳ አንድ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት
ውሌ ሲያልቅ እኔ ምኑን አውቄለት፤
ካልሲ እየጠቀለልኩ ሬዲዮ አዳምጣለሁ፣
ቧንቧዋ ጠብ ስትል ባልዲ አስጠጋለሁ።

ማለዳ ስልኬ ላይ ሚስተር ታቫሬስ ጻፈ፦
"ውልህ ትናንት አልቋል፤ ጊዜህም አለፈ።
ወይ አራት መቶ ዶላር ጨምረህ ፈርምልኝ፣
ወይ ለፊታችን ቅዳሜ ቤቱን ልቀቅልኝ።"
ኤፕሪል አንድ ነበር፣ ፈረንጅ የሚዋሽበት፤
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ደግሜ አነበብኩት፤
ቀልድ የለበት።

ከተማዋ ሐሚልተን ናት፤ ከመስኮቴ ማዶ
የብረት ፋብሪካ፣ ጭሱ ከደመና ጋር ተገምዶ፣
ከጀርባው ሐይቁ አለ፣ ዳር ዳሩ በረዶ።
ሌሊት ዳቦ ቤት ነኝ፣ ሊጥ ስመዝን አነጋለሁ፤
ቀን ቀን ግን የጥንቱን ሰዋስው አስባለሁ፤
አስተማሪ ነበርኩ፤ ልማድ አይለቅም፣
ቃል ሳልፈለቅቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ተከራይ፣ አከራይ፦ የምትለያቸው
አንዲት ፊደል ናት፣ ግንባራቸው ላይ ያለችው።
"ተ" ያለበት ይከፍላል፣ "አ" ያለበት ይቀበላል፤
የቀረው አካላቸው እኩል ይነበባል።
ባለቤት የሚባል፣ ሰዋስው እንዳለው፣
ግሱን የሚያዝበት፣ ድርጊቱ የእርሱ ነው፤
እኔ ግን ተሳቢ፣ መሐል የተጣድኩ፣
መጨረሻ የሚመጣ ግስ የምጠብቅ ሆንኩ።

የዱቄት ካርቶን ይዤ ደረጃ ስወጣ
ቨርሊን አገኘችኝ፣ ፎጣ አጥባ ስትመጣ፤
ጃማይካዊት ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ከዚህ ሕንጻ ውስጥ፤
ሦስት አከራይ ሸኝታለች፣ ሳትነቃነቅ፣ ሳትደነግጥ።
"ካርቶኑ ምንድነው?"
"ውሌ አለቀ" አልኳት፤
ሳቅ ይዟት፣ ዘንቢሏ ከእጇ አመለጣት።

"ቀኑ ነው ያለቀው፤ ቤቱ መች አለቀ?
ውል ሲያልቅ ወር በወር ይቀጥላል፤ ታወቀ?
ሊያስወጣህ ካሻው ምክንያቱን ይጻፈው፣
ስድሳ ቀን ይስጥህ፤ ውጣ የሚል ዳኛ ነው፣
እሱ አይደለም። ጭማሪም ልክ አለው፣ በዓመት አንዴ፣
ዘጠና ቀን ቀድሞ። ቅዳሜ ይላል እንዴ!
አንተ በቀኑ ክፈል፤ ደረሰኝህን አትጣል፤
ፈርም ሲልህ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይዋል።"

ውል፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ የክርም ጫፍ ነው፤
ልቃቂት ሲወሳሰብ የሚፈለገው።
ጠፋ ያልኩት ውሌ፣ ለካ አራት ዓመት
ከበላዬ ነበር፣ ከአንዲት አሮጊት ጣት።

ቅዳሜ ታቫሬስ ቁልፍ ሠሪ አስከትሎ
በሬን አንኳኳብኝ፣ ከወትሮው ቸኩሎ።
ፖስታ ሰጠሁት፣ የኤፕሪልን ኪራይ፣ በድሮው ሒሳብ፤
ቨርሊን ደረጃው ላይ ፎጣዋን ስታጥፍ፣ ሁሉን ስትታዘብ።
ቁልፍ ሠሪው ቀና አለ፣ መሰርሰሪያው በእጁ፦
"የዳኛ ወረቀት አለህ?" አለው ለወዳጁ።
አልነበረውም። ያ ሰው መሣሪያውን ከቶ
ደረጃውን ወረደ፣ ለቨርሊን እጁን አንስቶ።

ያኔ ታቫሬስ ካርቶኔ ላይ ተቀመጠ፤
ፊቱ እንደ ሰም ቀለጠ።
"ባንክ ጋ" አለ፣ "የኔም ውል አለቀ። አምስት ዓመት ሞላው፤
ወለዱን ሰቀሉት። እኔስ ከየት ላምጣው?"
ግንባሩን አየሁት፣ ላብ ያረፈበትን፤
"ተ" ነበረችበት፣ ያቺው የኛይቱን።

አዘንኩለት።
አልፈረምኩለትም።

ደረሰኝ ጻፈልኝ፣ የካርቶን ክዳን ቀዶ፤
በሩ ላይ ዞር አለ፣ ምላሱ ከብዶ፦
"ያ ቧንቧ አሁንም…?"
"አራት ዓመቱ" አልኩት።

ማታ ካርቶን ፈታሁ፤ ድስቱ ወደ ምድጃ፣
መጻሕፍቱ መስኮት ሥር፣ ብርድ ልብሱ ወደ አልጋ።
አንዱን ግን ሳልፈታ በር ሥር አቆየሁ፤
ስድሳ ቀን ሩቅ አይደል፣ ያንንም አውቃለሁ።
ግሱ ግን መጣልኝ፣ ከመጨረሻው ቦታ፣
ባለቤቱን አዝሎ፣ በአጭሩ፣ ዛሬ ማታ፦
አለሁ።