የድንጋይ ሰልፍ

የመሃል ሜዳ ውርጭ ሰው ደጅ አያሳድርም፤
ድንጋይ ግን ቢሰለፍ፣ ሌሊት አያማርርም።
ስለዚህ ሲመሻሽ፣ ከማኅበሩ ሱቅ በር፣
ስማችንን ይዞ ድንጋይ ነው የሚያድር።

ጠፍጣፋው የይፍሩ፣ የባና ሸማኔው፤
ከኋላ ያለችው ስባሪ ጡብ የእኔው።
በሁለታችን መሃል፣
ጥቁሯ ሹል ጉልቻ፣ ጭስ ብቻ ያጠገባት፣
እትዬ ውድነሽ ከምድጃዋ ነቅላ ያመጣቻት።
«የሚጣድ ከሌለ ሦስትነት ለምኔ፣
አንዷ ትሰለፍልኝ» ብላ ስትስቅ አየኋት በዓይኔ።

«ዘይት ሰኞ» ይላል ሞላልኝ በመስኮት፤
ሰኞ ስንመጣ «ሐሙስ»፤ ሐሙስ እሱም የለበት።
እናቱ ምን ሞልቷቸው ይሆን ይህን ስም ያወጡለት?

ኅዳር ላይ እትዬ ውድነሽ አረፈች።
ለንፍሮው ጨው ጠፋ።
ጉልቻዋ ግን ከሰልፉ አልወጣች፤
አንዳችን በእግራችን እየገፋናት
ወደ መስኮቱ ቀረበች።

ጥር ላይ ዘይት መጣ፣ የምር፣ በአይሱዙ፤
ድንጋዮቹ ሁሉ ባለቤት ያዙ፣
ከአንዷ በስተቀር።
«ይቺስ?» አለ ሞላልኝ፣ በጫማው ነክቶ።
ዝም። ይፍሩ አንገቱን ባናው ውስጥ ከትቶ።
«ትመጣለች» አልኩት፤ ከአፌ ነው ያመለጠኝ።
ሁለት ሊትር ለይቶ፣ ቀና ብሎ አየኝ፤
«አለቀ» አለኝ።

ዘይቱን ማታ ልጇ ወሰደችው፤ አላመሰገነችኝም፣
ባዶ ጀሪካኔን አላየችም።

በማግስቱ ጡቤን ይዤ ስመለስ፣ ጉልቻዋ ከፊቴ ናት።
ማን እንደመለሳት አልጠየቅሁም።
ግራ ቀኝ አይቼ፣
በእግሬ ጫፍ፣ አንድ እርምጃ ገፋኋት።