የተዘለለችው ሰዓት

ሬገንስቡርግ የገባሁት ቅዳሜ ነው፣ ሊመሽ ሲል፣
ዳኑብ የተራራውን በረዶ ጠጥቶ፣ ደፍርሶ፣ ሲያብጥ ሲያይል።
ባለታክሲው "ጸደይ ነው" አለኝ፣ ከአፉ ጉም እየተነነ፤
እኔም ኮሌታዬን ሰብስቤ አመንኩት፣ ማመን ግዴታ ከሆነ።

በየአጥሩ ቢጫ ቁጥቋጦ፣ ቅጠሉን ሳይጠብቅ አብቧል፤
ፀሐይ ብልጭ ስላለች ብቻ፣ ሕዝቡ ካፖርቱን እንደለበሰ፣
እንደ እህል ደጅ ተሰጥቷል፤
አይስክሬም ይልሳል።
ባንድ ግቢ ደግሞ እርቃኑን የቆመ ቀንበጥ፣ በቀጭን ክር
ቀይና ሰማያዊ እንቁላል አፍርቶ፣ በነፋስ ሲሽከረከር
ቆሜ አየሁ።
ለዶሮዋ ማን ይንገራት?

ያረፍኩበት ቤት ወንዙ ዳር ነው፤ መግቢያው ላይ ግድግዳው ተሰምሯል፤
አንዱ ጭረት ጉልበቴ ጋ፣ አንዱ ደረቴ ጋ፣ አንዱ ከራሴ በላይ ያልፋል።
የቤቱ እመቤት ሮስቪታ ኬልንሆፈር፣ ሰማንያ ያለፋት፣
እንደ ልጆቿ ቁመት ጎርፎቹን ጠራችልኝ፣ ከነተወለዱበት ዓመት፦
"ይሄኛው ክፉ ነበር። ይሄኛው ደግሞ ቸኩሎ ሄደ፤
ምድር ቤቱን ብቻ ጎብኝቶ፣ ድንቼን ይዞ ወረደ።"

ከዚያ ወንበር አመጣች። "ረጅም ነህና ውጣልኝ፤
ዛሬ ሌሊት ሰዓት ይዘላል፣ የግድግዳዎቹን ግፋልኝ።"
የመንግሥት ትእዛዝ ነው፤ በዓመት አንዴ፣ በመጋቢት፣
ስምንት ሲሞላ ዘጠኝ ይባላል፣ በእኩለ ሌሊቱ ማግስት።
(በእነሱ ሁለት ነው፤ እኔ በለመድኩት ልቁጠር።)
አንዲት ሰዓት፣ ማንም ሳይተኛባት፣ ማንም ሳይነቃባት፣ ትቀር።

የሳሎኑን ገፋሁ፤ የኮሪደሩን፤ የመኝታ ቤቱን፤
ወደ ማድቤት ሳመራ ግን ያዘችው እጅጌዬን።
"ያንን ተወው።"

ባሏ ኢግናትስ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣
እጇን እንደያዘ ያረፈው በዚችው በመዝለያዋ ሌሊት፣
ስምንት ተኩል ላይ ነው። የማድቤቱን ሰዓት አይታለች።
የመዝገብ ቤቱ ሹም ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
"እመቤቴ፣ ያን ሌሊት ስምንት ተኩል አልነበረም" አላት፣ ድምፁን አለዝቦ፣ አቅሎ፤
ዘጠኝ ተኩል ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ደቃበት።
"አንድ ሰዓት መረቁለት" አለች፣ "እሱ ያልኖረበት።
እኔስ፣ እጁን ይዤ የቆየሁባትን፣ በየትኛው መዝገብ ልፈልግ?"

የማድቤቱ ሰዓት እስከ ጥቅምት ወደኋላ ይቀራል፤
ሾርባው እዚያ ከከተማው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይፈላል።
በጥቅምት ደግሞ፣ መንግሥት የወሰደውን ሲመልስ፣
አትተኛም፤ ያን ሌሊት ስምንት ተኩል ሁለት ጊዜ ነው የሚደርስ።

ሻይ ቀዳችልኝ። "እናንተስ፣ መቼ ነው የምትገፉት?"
"አንገፋም" አልኳት።
"ያን ሌሊትስ?"
"ያን ሌሊትም።"
ማንኪያዋ ስኒው ውስጥ ቆመ።
"እና ያቺ ሰዓት … እናንተ ጋ ነበረች?"
ጣቴን አጥፌ አሰላሁ። "አስር ተኩል ሲል ነው በእኛ። ሙሉዋን አልፋለች።
የባንክ ዘበኛ በፉጨት ገፍቷታል፤
ልጇ ያተኮሰባት እናት ደቂቃ በደቂቃ ቆጥራታለች፤
እኔም፣ ማን ያውቃል፣ ነቅቼ ውኃ ጠጥቼባታለሁ።"

ምንም አላለች። ስኒዬን አነሳች፣ ገና ሳልጨርሰው፤
አጠበችው፤ አደረቀችው፤ መልሳ ደግሞ አጠበችው።

ሲነጋ ደወሎቹ ሁሉ ተሽቀዳድመው አዲሱን ሰዓት ጮኹ፤
እኔ በአሮጌው ማድቤት፣ ዳቦዬን ቅቤ እየቀባሁ ቆየሁ።
የዱር ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ማልዳ ከወንዙ ዳር ለቅማ፣
ጠረጴዛው ላይ ከነጭቃው ዘርግታ፣ እየከተፈች ቆማ።
ከሰዓቱ ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤
ማታ ያልነበረ።
የእኔ አፍ፣ በእሷ ፊደል፣ ተንጋዶ፦
አስር ተኩል።