የጠራው ክብ

ስኩዊም የምትባል ከተማ አለች፣ ከዋሽንግተን ግዛት ጫፍ፤
ተራራው ዝናቡን ቀምቶት ደመና ባዶ እጁን ሲያልፍ
ሐምሌ ሐምራዊ የሚሆንባት፤
ስሟ ሲጻፍ አንድ ፊደል አለ፣ አንደበት የሚዘልባት።
የኛ የሚጠብቀው ድምፅ ይሰማል እንጂ አይጻፍም፤
የነሱ ደግሞ ተጽፎ፣ ከአፍ ሲወጣ አይሰማም።
(ይህን ያሰብኩት ሥራ ፈትቼ፣ መሣሪያው እስኪሞቅ ስጠብቅ ነው።)

ማክሰኞ ጠዋት ቨርና ሁልክዊስት፣ ጭቃ በያዘው ቦት ጫማ
ከላቦራቶሪው በር ቆማ
ብልቃጥ አወጣች ከካፖርት ኪሷ፣ በካልሲ የተጠቀለለ።
«የዴል ነው» አለች፤ «የግራው። በመጨረሻ ያላስፈለገው።»
ከዚያ ስለ ካልሲው ምንም አልጨመረች።

«የራሴ ላቬንደር ነው፤ የራሴ ማሳ፣ የራሴ ማጣሪያ።
ቁስሉን ጠዋት ማታ ቀባሁት፣ ስምንት ሳምንት።
ሐኪሙ ሌላ አዞ ነበር፤ እኔ ግን ይህን አስቀደምኩት።
ንገረኝ፤ ምን ነበር ያፈሰስኩበት?»

አንዲት ጠብታ ለመሣሪያው ሰጠሁ።
መርፌው መጠጣት፤ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ነዳት፤
ሠላሳ ሜትር የሚጠማዘዝ፣ ከክር የማይወፍር አንጀት።
ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ፣ ተራ በተራ ደረሱ፤
በወረቀቱ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ተነሡ።
አንድ ሽታ ያልነው ሰልፍ ሆነ፣ ለየራሱ ስም ያለው፤
ሊናሎል፣ ከሁሉ ረጅሙ፣ ሠላሳ አራት በመቶው፤
ሊናሊል አሲቴት፣ እግር በእግሩ፣ ጣፋጩን ጠረን የያዘው፤
ካምፎር፣ ከርሞ እንደተከፈተ ሣጥን የሚሸት፤
ሲኒዮል፣ አፍንጫን እንደ ባሕር ዛፍ የሚከፍት፤
ከጥግ ደግሞ አንዲት አጭር ጉብታ፣
ስም ያጣሁላት፤ መልሷ ዝምታ።

ጥሩ ዘይት ነው። ውኃም ውሸትም የለበትም።
እሷ የጠየቀችኝ ግን ይህን አይደለም።

ከሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ፣ በፊርማዋ የተፈቀዱ፣
ሁለት ዘር ተዋስያን መጡልኝ፣ ከዴል ቁስል የተወለዱ።
አንዱ ወርቅማ፤ መልኩ የወይን ዘለላ።
አንዱ አረንጓዴ፤ እሱ ደግሞ ሽታው ወይን።
ሳህን ላይ በጥጥ ዘራኋቸው፣ እንደ ጤፍ አሳስቼ፤
መሐል ክብ ወረቀት አኖርኩ፣ የቨርናን ዘይት አጠጥቼ፤
በሰው ገላ ሙቀት አሳደርኳቸው።

በነጋው
ወርቅማው፣ ሸሽቷል አልልም፣ ሞቷል፤ ግድግዳው ተሸንቁሮ።
ወረቀቱን የከበበ የጠራ ክብ፣ እንደ ጨረቃ ቀለበት፤
በማስመሪያ ለካሁት፤ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር።
አረንጓዴው ግን እስከ ወረቀቱ ከንፈር
በቅሏል፣ ዘይቱን ተደግፎ፣ እንደ አጥር ሥር ሣር።
ሁለት ቆዳ ለብሷል፤ አልፎ የገባውንም
እንዳልተጠራ እንግዳ ከደጁ ይመልሳል።

ሐሙስ መጣች። ሁለቱን ሳህን ጎን ለጎን አኖርኩላት።
መነጽሯን ፈለገች፤ ራሷ ላይ ነበረ፤ ጠቆምኳት።
የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሣ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተነሣ።
«እንግዲያው» አለች፣ «ግማሹን ገድዬ
ለሌላው ግማሽ ቦታ ለቀቅኩለት?»

«ሳህን ሰው አይደለም» አልኳት፤ እውነት ነው።
«ስኳሩም ነበር፣ ደም ሥሩም ነበር» አልኳት፤ ይህም እውነት ነው።
ሁለቱም እውነቶች እንደዚያች ከተማ ፊደል
ተጻፉ፤ አልተሰሙም።

ብልቃጧን አነሣች። «ቁስል ያሽራል» የሚለውን ልጣፍ
በጥፍሯ ላጠችው፣ ቀስ እያለች፤ ሙጫው እንቢ ያለበትን በምራቋ አርሳ።
ስብርባሪውን ኪሷ ከተተች።
ካልሲውን ረሳችው። ወይም ተወችው።

ማታ ሳህኖቹን ለእሳት ላልል፣ ለእንፋሎት ሰጠኋቸው፤
መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ሩብ ሰዓት፤
ወርቅማው የተረፈውም አረንጓዴውም እኩል አለቁ።
በሩን ስከፍት ግን
ከትኩሱ ጭጋግ ጋር፣ ምንም እንዳልሆነ፣
ሐምሌ ወጣ።