የደንገጎ መስታወት

«ድሬ ላይ ሂተር?» ብሎ ሳቀ፣ ያየ የሰማ ሰፈሩ፤
ጋሽ ስምዖን ግን፣ ገንደ ቆሬ፣ ከሞተር ሥር ነበሩ፤
ካቻቪት በጥርስ ነክሰው፣ የጎማ ቱቦ ሲያስሩ።
«ዱባይ ላይ ነው የቆረጡት፤ በረሃ ያደገ መኪና
ሙቀት ምን ያደርግለታል? ቀጠልኩልህ፤ ደንገጎ አለና።
ጉም ሲይዝህ ሁለቱንም ክፈት፣
ቀዩንም ሰማያዊውንም።»
«ብርድ ላይ ብርድ?» አልኳቸው።
«ብርዱ ለአንተ አይደለም፤
ለውሃው ነው» አሉኝ።

አልገባኝም። ስለዚህ፣ ሂተር የሚለውን ሰርዤ
ለፍሬን ሸራ ብቻ ከፍዬ ወጣሁ፣ ቀሪውን በኪሴ ይዤ።

ሐምሌ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ከለገሃር፣ በኮንትራት፣ ሁለት ሰው፤
አንድ ፊት የተካፈሉ፣ መሐላቸው ፋይል አስቀምጠው፤
ሙኒር በቀኝ፣ ፈትሒ በግራ፣ በር በራቸውን ታከው።
የአባት ቤት ነው ነገሩ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ።
ችሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ።
ስማቸውን ያወቅሁት ከፋይሉ ጀርባ ነው፤
እነሱማ አልተጠራሩበትም።

ድሬ ላይ ኤሲ ከፍቼ ነበር፤ ዳገቱ ሲጀምር ዘጋሁት፣
ጉልበት ይበላል ብዬ።
ከዚያ በረደን። መስኮት ዘጋን። አፍም እንደ ተዘጋ ነው።
የድሬ መብራት በስፖኪዮ ውስጥ ፍም ሆኖ ወረደ፣ አነሰ፣
ከዚያ አንድ ነጭ ነገር መጣ።

በክንዴ ጠረግሁ፤ ነጣ።
በጨርቅ ጠረግሁ፤ መልሶ ነጣ።
ትምባሆ አሽቼበት አውቃለሁ፣ የድንች ግማሽም፣ ሳሙናም፣
ሾፌር ለሾፌር የሚያወርሰውን ሁሉ፤
የደንገጎ ጉም ግን ምክር አይሰማም።

በስፖኪዮ አየሁት፦ ፈትሒ በጣቱ
በጎኑ መስታወት ላይ ቤት ይሥላል።
ግንብ። በር። ደረጃ በደረጃ ነደባው፣ አባት የሚቀመጡበት ሳይቀር።
ከዚያ ከላይ እስከ ታች
አንድ መስመር።
ሙኒርም አየ። በራሱ በኩል ወዳለው ነጭ ዞረ።

ያኔ ትዝ አሉኝ ጋሽ ስምዖን፣ ከነካቻቪታቸው።
ቀዩን እስከ ጥግ ጠመዘዝኩ፣ ሰማያዊውን ተጫንኩ፤
ሞተሩ አንዴ አቃሰተ፣
ከዳሽቦርዱ ሥር ሁለት ግማሽ ጨረቃ ጠራ፣
ጨረቃዎቹ ሰፉ፣ ተገናኙ፣
መንገድ ሆኑ።

ውጭ ያለው ጉም እዚያው ነው፤ ማን ይነካዋል።
ግን ግማሹ የእኛው ነበር። ጉም እያልኩ ስሳደብ የመጣሁት
የሦስት ሰው ትንፋሽ ነው፣
መናገር እንቢ ያለ፣ በአፍንጫ የወጣ።

ኩርባው ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል፤
መብራት የለው፣ ቅጠል አልተጣለለት፣
ከጎማው ሥር ሁለት ድንጋይ ብቻ።
ረገጥኩ። ፍሬኑ ያዘ።
ፍሬኑን ከፍዬበታለሁ፤
ያየሁበትን ግን አልከፈልኩም።

ፋይሉ ወለል ላይ ተበተነ። ማንም አላነሳውም።
ብዙ ቆይቶ ሙኒር፣ ወደ መስኮቱ እንደ ዞረ፣
«ሙቀቱ ይደርስሃል?» አለ።
«እግሬ ጋ» አለ ፈትሒ።
በቃ። ሐረማያ አለፈ፣ አወዳይ በጫት እስሩ መሐል አለፈ፣
ሌላ ቃል አልወጣም።
ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሁለቱም ሙሉ ሂሳብ ዘረጉልኝ፣
አንዱ ለሌላው እንዳይከፍልለት።
ከየእጃቸው ግማሽ ግማሽ ወሰድኩ።

ማታ ብቻዬን ወረድኩ። ደንገጎ ላይ ያው ጉም።
አሁን የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያለብሰው።
ዞር ስል፣ ከኋላ በግራ መስታወት፣
ያ ቤት ተመልሶ መጥቷል፦
ግንቡ፣ በሩ፣ ነደባው፣
መስመሩም።

ጣት የነካው ቦታ ለካ አይረሳም፤
የደረቀ ሲመስል ትንፋሽ ይጠብቃል።

ጨርቁ እጄ ላይ ነበር።
ቀዩንም ሰማያዊውንም ሳልነካ
ጥቂት ኩርባ ከቤቱ ጋር ወረድኩ።
ታች፣ ሙቀቱ ሲቀበለኝ፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ።
ነገ ገንደ ቆሬ ጎራ እላለሁ፤
የሂተሩን ሂሳብ ይዤ።