ከመቀሱ በፊት

መኪና ግርግር ውስጥ፣ ከጀጎል ግንብ ጥላ፣
ሲንጀሬን ስረግጥ፣ መጣ አንድ ደላላ።
ተካልኝ ይሉታል፤ ሽቶው ይቀድመዋል፤
ፓስፖርት እንደ ካርታ በጣቱ ያጫውታል።
«እኅቴ፣ ቤይሩት ነው፤ ማዳሟ ደግ ናት፤
ሰኞ ነው በረራው፤ ዛሬ እሺ በያት።
ነገ ካልሽ ሌላ ሰው ቦታሽን ይወስዳል፤
ዕድል ባጃጅ አይደል? ቆሞ መች ይጠብቃል!»

ጠረጴዛዬ ላይ የሙሽራ ከፋይ፣
ገና ያልተነካ፣ ቀይ እንደ ምሽት ሰማይ፤
በደብተሬ ዕዳ፣ የሦስት ወር ኪራይ፣
የአርሴማ ክፍያ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣
ሁሉም ባንድነት «ሂጂ!» አለኝ በልቤ።

አፌን ለእሺ ከፈትኩ፣ መቀስ በእጄ ይዤ፣
ጨርቁንም ልቆርጥ ነው፣ ልቤን አደንዝዤ፤
ከጎኔ አው ሐሺም፣ ማሽኑን አቁሞ፣
በመነጽሩ አናት አየኝና ደግሞ፣
«አቦ! እጅ ሲርድ መቀስ አይያዝም፤
ጨርቅ እንደ ሰው አይደል፣ ይቅርታ አያውቅም»
አለና ተመልሶ ፔዳሉን ረገጠ፤
«እሺ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ቀለጠ።
«ነገ ና» አልኩት። ባጃጁም፣ ያ ችኩሉ፣
ቆመ፤ ሲፈልጉት ይቆማል ለካ ሁሉ።

ፈረስ መጋላ ወጣሁ፣ ማሽኔን ሸፍኜ፤
መድኃኔዓለም ደጅ ቆምኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።
ምልክት ስጠኝ አልኩ፣ ትንሽ ብልጭታ፣
ሂጂ ወይም ቅሪ የሚል በዝምታ።
ሻማው አልተወዛወዘ፣ ርግብ አልበረረ፣
ደወሉም እንደወትሮው ሰዓቱን አከበረ።

አባ ኤልሳዕ ወጡ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፤
ነገርኳቸው ሁሉን፣ ሰሙኝ ተክዘው።
«ሂጂ» አላሉኝም፤ «ቅሪ»ም አላሉ፤
«ያጣደፈሽ ማነው?» አሉኝ ዝግ እያሉ።
«ደላላው» አልኳቸው።
«እግዜር ግን አይቸኩልም፤
ጥበብ ብትለምኚው ስስት አያውቅም።
ዓይን ጨፍኖ መቁረጥ ከእምነት አይቆጠር፤
አምላክ መች ፈጠረሽ ያለ ዓይን፣ ያለ ሜትር?
ሂጂና ነገሩን በጸሎት ዘርጊው፤
ገበሩን ገልብጪው፣ ስፌቱን እዪው።»

ከግንቡ ውጭ ጅቦች ሲጠራሩ ሰማሁ።
ቁጭ ብዬ አመሸሁ፣ ደብተርና ሻማ፣
ማተቤ በጣቴ፣ ባጠገቤ አርሴማ።
ዕዳዬን ደመርኩት፣ ቀነስኩት ደግሜ፤
«አባታችን» አልኩኝ፣ መሃሉ ላይ ቆሜ።
«ፈቃድህ ይሁን» ያልኩት የልቤን አልነበር፤
«ፈቃዴን ፈርምልኝ» ነበረ የኔ ነገር።

አፈርኩ።

ሜትሬ ከማተቤ ተጣምሮ ባንገቴ፣
ዘረጋሁት ቀስ ብዬ፣ እየራደ ጣቴ፤
በእንቅልፍ ላይ እንዳለች፣ ከእግሯ እስከ ራሷ፣
ልጄን ለካኋት፣ ሳይነቃ ትንፋሿ።
ለካ አድጋለች ልጄ፣ አራት ጣት ጨምራ፣
እኔ ዕዳ ስቆጥር ካጠገቤ አድራ።
ሳልለካ ኖሬ፣ ስለካት ለካ አየሁ፤
የሁለት ዓመት ውሉን በጣት አሰላሁ፦
ስንት ጣት ታድጋለች እናቷ ሳታያት?
ማን ይሰፋላታል ቀሚሷ ሲያጥራት?

«ይቅርብኝ» አልኩት ተካልኝን ሲነጋ፤
ሽቶውን ጥሎ ሄደ፣ በሩን ሳይዘጋ።

ተአምር አልወረደም፤ ኪራዩም አልቀረ፤
የጋብቻ ቀለበቴ በዕዳው ተቀየረ።
በኔ ቦታ የሄደችው ያቺ ጎረቤቴ፣
ለእናቷ ጣራ አስመታች፤ ያፈሳል ያው ቤቴ።
እሷም በልኳ ይሆናል የቆረጠችው፤
የሷን ቀሚስ በኔ ልክ ምን ብዬ ልስፋው?
ዝናብ በጣለ ሌሊት፣ ባሊ ከሥሩ ሳኖር፣
«ተሳስቼ ይሆን?» እላለሁ ለእግዜር።
እሱም ዝም። እኔም ዝም።
ባሊው ብቻ ያወራል።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ከፋዩን ዘረጋሁ፤
በስሙ አማተብኩ፤ አንዴ ደግሜ ለካሁ።
አው ሐሺም እጄን ሰርቆ አየ፣ ጢሙን ዳሰሰና ሳቀ፤
መቀሱ ቀጥ ብሎ በቀዩ ላይ ዘለቀ።

ተስፋ ሳልቆርጥ ቆረጥሁ።