የውሃው በርሜል

ዝክርም የለብኝ፣ ድግስም አላሰብኩ፤
ጠላ አማረኝና ቱሉ ዲምቱ ወረድኩ።
ብቅሉን በኪሎ፣ ጌሾውን በእስር ይዤ ስገባ
ጎረቤት ጠየቀኝ፣ “ማነው የሚያገባ?”

ጋን የለ፣ እንስራ የለ፤ ያለኝ ሰማያዊ በርሜል፣
ውሃ ተሸክሞ ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ የሚውል።
በግራዋ አሸሁት፣ እስኪነጣ አረፋ፤
በወይራ ላጥነው ስል ጠርዙ ቀልጦ ከረፋ።

እህቴ ትርንጎ መርሐቤቴ ሆና
“ያረረውን ድፋና ቁላ” ትላለች “እንደገና፤
እንኩሮው ይጥቆር እንጂ አይረር፤ ጥንስሱ ሲፈላ
ጌሾውን ልክ በ…”
ካርዷ አልቆ ቀረሁ በመላ።

በስንት ቀን? በስንት እፍኝ? ማንን ልጠይቀው?
ጥበቃው ሌንጂሳ፣ “አፍንጫ አለህ” አለኝ፣ “አሽትተህ እወቀው።”

በሦስተኛው ሌሊት ጆሮዬን ከጎኑ ለጥፌ ስሰማ
እንደ ሕፃን ሆድ ነው፣ ይጮሃል በጨለማ።
ያን ጊዜ ነው ቧንቧው ሳል ሳል አድርጎት
በአስራ አንድ ቀኑ ውሃ የመጣው፣ በሌሊት!
የሕንጻው ሰው ሁሉ ጀሪካን ሲያንኳኳ
በርሜሌን በጠላ ሞልቼዋለሁ ለካ።
ድስት ሞላሁ፣ ጆግ ሞላሁ፣ ብርጭቆ ደረደርኩ፤
ቦት ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር ቀዳሁበት፣ አላፈርኩ።

እሑድ ከፈትኩት። ይጎመዝዛል፤ ጭስ ጭስ፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል፤
ጌሾው ወይ በዝቷል ወይ አንሷል፤ ብቻ ጠላ ይመስላል።
ሌንጂሳ ጨለጠው። ጢሙን ጠረገና ዝም አለ፤
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
“ውሃ አለህ?” አለ።
ከድስቱ ሰጠሁት፤ ተጉመጥምጦ ተፋ፣ በመስኮት በኩል።
ጣሳውን ግን መልሶ ዘርግቷል።